በእግሯ እስክትቆም

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ጥቂት ስግደት ሰጥተው፣ አንድ ሱባዔ ጹም ብለው ይለቁኛል ብዬ ጠረጠርኳቸው። ስግደት በደኅና ጉልበት ምን ይከብዳል? እኔ የበደልኳት ልጅ ግን አንድ ጊዜ እንኳ በርከክ ብላ ለመነሣት ግድግዳ መያዝ አለባት።

እርስዎን የመረጥኩዎት ስለማምንዎት አይደለም፣ መምህር። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ስመለከትዎት ነው የከረምኩት። በስብሰባ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሲናገር ሌላው ሁሉ ይጽፋል፣ ወይም የሚጽፍ ይመስላል፤ እርስዎ የጫማዎን ጭቃ በስንጥር ይፍቁ ነበር። ዘመድዎ ማን እንደሆነ አጣራሁ። በዚህ አገር ዘመድ የለዎትም። ከቤታችን ጋር ወዳጅነትም ጠላትነትም የለዎትም። ይኸው በቃኝና ወረቀቱን ለእርስዎ ሰጠሁ። ምን እንደምፈልግ መጨረሻው ላይ ይደርሱበታል። እባክዎ ወደዚያ አይዝለሉ፤ እኔ ብሆን እዘል ነበር።

ያደረግሁትን በአጭሩ ልበለው፦ አንዲት ሕፃን ፀሐይ እንዳታይ አደረግሁ። ቡዳ አይደለም፣ ዓይነ ጥላ አይደለም፣ የእግዜር ቁጣ አይደለም። እኔ ነኝ።

ልጅቷን ያውቋታል። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎ ናት፣ እናኑ። ስትራመድ እንደ ተጫነች በቅሎ ግራና ቀኝ የምትወዛወዘው። ልጆቹ «ቅንፍ» ይሏታል፣ ሁለቱ እግሮቿ ወደ ውጭ ስለታጠፉ። እሷም «እኔ ቅንፍ ከሆንኩ እናንተ ከቅንፍ ውጭ የቀራችሁ ናችሁ» ትላቸዋለች። ምላሷ የእኔን ይመስላል ይላሉ። የእህቴ ልጅ ናት።

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ለሚሊሻ ሰው የሚለቀምበት ዓመት ነው። የእህቴን የይርገዱን ባል ከገበያ ላይ ወሰዱት፤ በሬ ሊሸጥ ወጥቶ በሬው ብቻውን ወደ ቤት ተመለሰ። እናትና አባታችን አልፈዋል፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። «እታለም» ነው የምላት። ባሏን ካጣች በኋላ ወንድሟንም እንዳታጣ ቤት ውስጥ ሸሸገችኝ። ቤታችን ከላሊበላ ወጣ ብሎ ከገደሉ ሥር ያለችው ክብ የድንጋይ ቤት ናት፤ ታች ከብት ያድራል፣ ላይ ሰው። አንዲት መስኮት አላት፣ መዳፍ የምታህል።

በተሸሸግሁ በሁለተኛው ወር እታለም ወለደች። የእኛን አገር ልማድ ልብ ብለውት እንደሆነ አላውቅም። አራስ ቤት ወንድ ዘው ብሎ አይገባም። ከፀሐይ የመጣ፣ ላቡን ያላደረቀ፣ ጠመንጃ ያነገተ ከሆነማ ደጁን አያልፍም፤ እናትና ልጅን ምች ይመታቸዋል ይባላል። ለቃሚዎቹ እየመጡ ከደጅ ሆነው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ይመለሱ ነበር። እኔ ከአራሷ መጋረጃ በስተጀርባ ተኝቼ እሰማቸዋለሁ። ወንድ ሆኜ አራስ ቤት መኖሬ ነውር ነው፤ ነውሩ ደበቀኝ። ማን ይጠረጥራል?

የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው፣ የወንድ በአርባ። አዋላጇ «ሴት ናት» ስትል ደስ አለኝ። ደስታዬ ለልጅቷ አልነበረም፤ ለተጨመረልኝ አርባ ቀን ነበር። መምህር፣ በደሌ የጀመረው ከዚያች ደስታ ነው ብል ይሻላል።

ቀኑ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ። ክርስትና ከተነሣች በኋላ አራስነቱ ያበቃል። መጋረጃው ይወርዳል፣ ሕፃኗ ደጅ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ጎረቤቱ ይገባል ይወጣል። እኔስ ወዴት ልግባ?

ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። በስኳር መጠቅለያ ላይ ግጥም እጽፍ ነበር። እታለም ፊደል አታውቅም። አባታችን ደብተራ ስለነበር የቤታችን ንባብ ከእሱ ወደ እኔ የተላለፈ ርስት ይመስላታል፤ ያነበብኩላትን ሁሉ አሜን ብላ ትቀበላለች። የአባታችን ዳዊት መጨረሻው ላይ አንድ ያልተጻፈበት ቅጠል ነበረው። ጥላሸት በጥብጬ እዚያ ላይ ጻፍኩ። የአባቴን እጅ አስመስዬ ጻፍኩ። የጻፍኩት ስለ ራሴ ፍርሃት የገጠምኩትን ነው፤ ቃሉን ግእዝ አስመሰልኩት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ፣ አባታችን ስለ ልጅሽ የጻፈው ቃል አለ አልኳትና እንዲህ ብዬ «አነበብኩላት»፦ በቤቴ የምትወለደው የመጀመሪያዪቱ ሴት የልጅ ልጅ በእግሯ እስክትቆም ድረስ ፀሐይ አይያት፣ እንግዳም አይያት፣ መጋረጃዋም አይውረድ።

እታለም ጣቷን ሰዳ ቀለሙን ነካችው። ቀለሙ አዲስ መሆኑን ጠረጠረች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ጣቷን ሳመችው። አባቷን መንካቷ ነበር።

«በእግሯ እስክትቆም» ያልኩት ለምን ነበር? ሕፃን በዓመቱ ስለሚቆም ነው። አንድ ዓመት ለራሴ ቆረጥኩ። ሕፃን እንዲቆም ፀሐይ እንደሚያስፈልገው ያኔ አላውቅም ነበር። ይህን ማመካኛ አያድርጉልኝ። ቆይቼ ዐውቄአለሁና።

እናኑ ስድስተኛ ወሯን ስትይዝ ከላሊበላ ጤና ረዳት መጣች። ሴቶቹ «ሐኪሚቱ» የሚሏት ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ሴት ስለሆነች መከልከል አልተቻለም። ከመጋረጃው ወዲያ ተቀመጠች። በቀዳዳ አየኋት። የልጅቷን ራስ በመዳፏ ዳሰሰች፣ የእጇን አንጓ ጨበጥ ለቀቅ አደረገች። የራስ ቅሏ ገና ለስላሳ ነው፣ አንጓዋም አበጥ ብሏል አለች። ልብሷን አውልቀሽ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂያት፤ ፀሐይ ቆዳ ላይ ስታርፍ አጥንት የሚያጠነክር ነገር ሰውነት ውስጥ ይሠራል፣ ቫይታሚን ዲ ይባላል፤ እሱ ከሌለ የምትበላው ሁሉ አጥንቷ ጋ አይደርስም አለቻት። እታለም የአባታችንን ቃል ነገረቻት። ሐኪሚቱም፣

«አባትሽ እናንተን ያሳደጉት በጨለማ ነው እንዴ፣ አንቺዬ?» አለች።

መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር። እኛ የደጅ ልጆች ነበርን። እታለም ዓይኗን ወደ መስኮቷ መለሰች፤ ያቺ እይታ አስፈራችኝ። ሐኪሚቱ ደብተር አወጣች። ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ? እኔና ልጄ ብቻ፣ አለች እታለም። ሐኪሚቱ ጻፈች። ከምድጃው አጠገብ ሁለት ዋንጫ ተቀምጦ ነበር። አየችው? አላየችውም? መጋረጃውን ግን ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ ቆጥሬአለሁ። ስትወጣ አንድ ቡናማ ጠርሙስ ትታ ሄደች። የዓሣ ዘይት ነው፣ ለልጅቷ በቀን አንድ ማንኪያ።

ሐኪሚቱ እግሯ ደጁን ከማለፉ መናገር ጀመርኩ። ይቺ ሴትዮ ሕፃን ልታይ አልመጣችም አልኩ። ሕፃን የሚያይ ሰው ዋንጫ ይቆጥራል ወይ? ከላሊበላ በእግሯ መጥታ ጫማዋ ለምን አልቆሸሸም? የማን በቅሎ አመጣት? እታለም ስለ አጥንቱ የተባለውን ደገመችልኝ። እኔም ይህን ቫይታሚናቸውን ሀሁውን ሳያስቆጥሩን ዲ ላይ የሚያስጀምሩን ምን ቢያስቡ ነው አልኳት። ሳቀች። ባሏ ከተወሰደ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ክርክሩን በዚያች ሳቅ አሸነፍኩ።

ዘይቱ ይሸት ነበር፣ ጾምም ገብቶ ነበር። እታለም ለልጇ ልትሰጣት እጇ ፈራ። እኔ ላስቀምጠው አልኩና ወሰድኩት። ወዲያው ኩራዝ ውስጥ ጨመርኩት። መጋረጃው ውስጥ ቀኑም ጨለማ ነው፣ ናፍጣ ከገበያ ጠፍቷል፣ እኔ ደግሞ ካልጻፍኩ እብድ የምሆን ይመስለኝ ነበር። ጠርሙሱ እስኪያልቅ ጻፍኩ። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ብርሃኑ ግን ይበቃል። ከጻፍኳቸው አንዱ ስለ ፀሐይ ነው። ወረቀቱ አሁንም አለኝ፤ ስንኙ ጥሩ ነው። ጥሩ መሆኑን ማወቄ ራሱ ያስጠላኛል።

ይህም አልበቃኝም። ሐኪሚቱ ተመልሳ እንዳትመጣ ሁለት መስመር ገጠምኩና ለእታለም አስጠናኋት፦

ሕፃኑን አውጪው ትላለች ፀሐይ እንዲሞቀው፣
የደበቅሽው ወንድ ካለ ቆጥራ እንድታውቀው።

እታለም ምንጭ ላይ አለችው። በሳምንቱ ገበያ ላይ ሰው ያንጎራጉረው ነበር። ግጥሞቼ ሁሉ ተደብቀው ሲቀሩ እግር አውጥቶ የሄደልኝ እሱ ብቻ ነው። ወንድ የደበቀውም ያልደበቀውም ደጁን በሐኪሚቱ ላይ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ስንት ሕፃን ሳትዳስስ ቀረች? አላውቅም። ማወቅ የምችልበት መንገድ ነበረኝ፤ አልጠየቅሁም።

እሷ ግን አንድ ጊዜ ተመልሳ መጣች። እናኑ ዓመት ከአንድ ወር ሆኗት ነበር። እታለም መግቢያው ላይ ቆማ ልትመልሳት ሞከረች፤ ሐኪሚቱ «ግጥሙን ሰምቼዋለሁ፣ ቁጥርሽን አልፈልግም፣ ልጅቷን አሳዪኝ» ብላ ገባች። ልጅቷን በብብቷ ይዛ እግሯን መሬት አስነካቻት። እግሯ እንደ እርጥብ አርጩሜ ተለመጠ። ከእኔ የሚለያት የመጋረጃው ሸማ ብቻ ነበር። የተባለውን አንድም ቃል አልረሳሁም።

«በእግሯ ስትቆም ትወጣለች» አለች እታለም።

«ካልወጣች አትቆምም» አለች ሐኪሚቱ። «ደግሞ እግሯ ብቻ አይምሰልሽ። ዳሌም አጥንት ነው። ዛሬ ተጣሞ ከደረቀ፣ በምጧ ቀን የልጇ ማለፊያ ይጠብባታል።»

ያወቅሁበት ቀን ይህ ነው። ካልወጣች አትቆምም፤ ካልቆመች አትወጣም። ቋጠሮውን የቋጠርኩት እኔ ነበርኩ፤ መፍቻው አንድ ቃል ነበር። «ውሸት ነው» ማለት። መጋረጃውን ገልጬ መውጣትም አያስፈልገኝም ነበር፤ ሴትዮዋ እስክትሄድ ጠብቄ ለእህቴ ብቻ ብነግራት በቂ ነበር። ጠበቅሁ። ሄደች። እታለም መጋረጃውን ገልጣ «ምን ትላለህ?» አለችኝ። እኔ «አባታችን የጻፈውን አታውቂም?» አልኳት።

ስለ ሁሉም ነገር ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ ብል ሊያዝኑልኝ ይችሉ ይሆናል። ስለዚያች መልስ ግን አይዘኑልኝ።

ሰባት ወር እንደዚያው አለፈ። እናኑ ምሰሶውን ይዛ ቀና ማለት የጀመረች ዕለት እታለም እልል ልትል አፏን ከፈተች። ለቀማው ገና አላበቃም ነበርና «ይዞ መቆም መቆም አይደለም» አልኳት። አፏን ዘጋች። ከወር በኋላ የሚሊሻው ኮታ ሞላ ተባለ። በዚያው ቀን «አሁን ቆማለች» አልኩ። ልጅቷ ያንኑ ምሰሶ ይዛ ነበር። ደጅ ሲያወጧት ፀሐዩን ሸሽታ ፊቷን እናቷ ጡት ሥር ቀበረች። እግሮቿን ያኔ በብርሃን አየናቸው። እታለም ደጋግማ በእጇ ለማቃናት ሞከረች፣ ጨርቅ እንደሚያቃና ሰው።

ሐኪሚቱ ወደ ሌላ አገር ተዛውራለች አሉ። እታለም ምክንያት መፈለግ ጀመረች። በጎረቤት አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ በክርስትናው ቀን «ምን የመሰለች ልጅ ናት!» ብላ ነበር። እታለም ያቺን ቃል አስታወሰች። ሰላምታ ነሳቻት፣ እሳት መበዳደር ቀረ፣ ከዚያ መንደሩ ሁሉ ሴትዮዋን በጎሪጥ ማየት ጀመረ። እቃዋን ጭና ወደ ኮን ከተማ ስትሄድ ከደጃችን ቆሜ አይቻታለሁ። ምንም አላልኩም። ዓይነ ክፉው እኔ ነበርኩ።

ዛሬ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ እርስዎም በዚሁ ነው የሚያውቁኝ። ሊቀ መንበሩ ጽሕፈቴን ስለሚወድ ለውትድርና አይሰጠኝም። አሁን ደብተር ይዤ ደጅ ለደጅ እየሄድኩ ስንት ሰው አለ ብዬ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሐኪሚቱን የጠረጠርኩበትን ሥራ ሁሉ እኔ እሠራዋለሁ። ሰዎች ዋንጫ ሲደብቁ አያለሁ፤ የት እንደሚደብቁትም ዐውቃለሁ።

አሁን ለምን ጻፍኩ? ከሙጃ አገር የመጡ ሰዎች እናኑን ለልጃቸው ጠይቀዋል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአገሩ ልማድ እንደሆነ ያውቃሉ፤ አሁን ታጭታ ትወሰዳለች፣ አማቶቿ ቤት ታድጋለች፣ ዐሥራ አራት ሳይሞላት ታረግዛለች። እታለም ደስታዋ ወሰን የለውም። የሚጠይቃት አይገኝም ብላ ስንት ዓመት ስታለቅስ ኖራለች። መሬት የሚነካ ቀሚስ እያሰፋችላት ነው፣ እግሯ እንዳይታይ። ልጅቷ ጉልበቷን ሲቆረጥማት በቅቤ ያሸችላትና «ለሰው አትናገሪ» ትላታለች።

ሞክሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ዳሌዋ ሐኪሚቱ ያለችውን ታስታውሻለሽ ወይ አልኳት። «ያቺ ወንድ ቆጣሪ?» አለችኝና የእኔኑ ግጥም በፈገግታ አንጎራጎረችልኝ። ከዚያ ፊቷ ረጋ ብሎ፣

«አባቴ የጻፈላት ልጅ ናት» አለች። «በጊዜዋ ቆማለች፣ በጊዜዋም ትወልዳለች።»

ይገባዎታል? እህቴ ሐኪሚቱን እንድታምን ግጥሙ ውሸት መሆኑን ማወቅ አለባት። ግጥሙ ውሸት መሆኑን እንድታምን ለምን እንደ ገጠምኩት ማወቅ አለባት። ያንን እንድታውቅ የአባቷን ቃል ከእጇ መንጠቅ አለብኝ። ሌላ መንገድ ፈልጌአለሁ። ለሙጃ ሰዎች በስውር ደብዳቤ ልጻፍ ብዬም ነበር፤ እግሯን አይታችኋል ወይ ብዬ። ጽፌ ቀደድኩት። እንደገና ሌላ ሰው ልጅቷን እንዲያዋርድልኝ፣ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ።

አሁን ወደምለምንዎት ነገር ደረስን። ይህን ወረቀት ለእህቴ ያንብቡላት። እኔ ማንበብ አልችልም። ራሴን አላምንም። አንድ ጊዜ ያልተጻፈ አንብቤላታለሁ፤ አሁን ደግሞ የተጻፈውን እዘላለሁ ብዬ እጠረጥራለሁ። ዘይቱ ጋ ስደርስ ቶሎ እላለሁ። «መቆም አይደለም» ያልኩበት ጋ ስደርስ ድምፄን አሳምራለሁ። የእርስዎ ድምፅ ደረቅ ነው፤ በክፍል መስኮት ሰምቼዋለሁ። እንደዚያው ያንብቡላት። ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ያገኟታል። የሙጃ ሽማግሌዎች እሑድ ናቸው የሚመጡት።

ብታለቅስ አያቁሙ። «ልጅ ነበር» ብላ ልታድነኝ ብትሞክር፣ ትሞክራለች፣ ዝም ብለው ይቀጥሉ። ይቅር በዪው አይበሏት። እኔም አልልም። ይቅርታዋን ካገኘሁ በሱ ተኝቼ አድራለሁ፤ ልጅቷ ግን በዚያው ዳሌ ነው የምታምጠው።

ከዚህ በታች ያለው ለእሷ ነው፤ ቀስ ብለው ያንብቡት።

እታለም፣ አባታችን ስለ እናኑ ምንም አልጻፈም። ቅጠሉ ባዶ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናኑን አትስጫት።